ለወንድሜ ያልነገርኩት ሽታ

የወንድሜ የጥናት ጽሑፍ በአባቴ የዳዊት ማኅደር ውስጥ ነው ያለው። ዳዊቱን አውጥቶ አስገባው ማለቴ አይደለም፤ ሁለቱ ተጨናንቀው አብረው አሉ። ለቅሶ ሊደርስ የመጣ ሰው ትንሽ ተቀምጦ ከቆየ በኋላ አባቴ ማኅደሩን ከግድግዳው ያወርዳል፣ ወረቀቱን ያወጣና ለእኔ ይሰጠኛል። "እስኪ አንብብላቸው" ይለኛል።

ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ነው። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደርሼ የመልቀቂያ ፈተናውን የወደቅሁ ሰው ነኝ፤ ግማሹ አይገባኝም። ቢሆንም አነባለሁ። ስሳሳት የሚያርመኝ የለም። ስጨርስ ሴቶቹ ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ፤ ሽማግሌዎቹ "ወይ እውቀት! አፈር በላው!" ይላሉ። ወረቀቱን አጥፌ ስመልስ እኔን ልብ የሚለኝ የለም።

ይህን ስጽፍ አፍራለሁ። ወንድሜ ሞቷል፤ እኔ ግን አሁንም እቀናበታለሁ። ሐዘኑንና ቅናቱን ለያይቼ ልጽፍ ብዙ ጊዜ ሞክሬአለሁ። አልሆነልኝም። በቀብሩ ቀን እያለቀስኩ፣ እኔ ብሆን የሞትኩት ይህን ያህል ሰው ይመጣ ነበር ወይ እያልኩ ሕዝቡን እመለከት ነበር።

ቅናቱ የቆየ ነው። ወንድሜ በአራት ዓመት ይበልጠኛል። ገና ልጅ ሳለ ጉሮሮው ታመመ፤ ከዚያ ጉልበቱና ክርኑ አበጠ፤ ከዚያ በሽታው ልቡ ላይ አረፈ። ሐኪም ዘንድ ሲደርስ ዘግይቷል። "ከባድ ሥራ እንዳይነካ" ተባለ። ስለዚህ እርፍ ጨብጦ አያውቅም። ቤታችን ከጅጋ ወጣ ብሎ ነው፤ ለእሱ የሚደርሰውን እርሻ እኔ አረስኩ፤ ለእሱ የሚደርሰውን አጨዳ እኔ አጨድኩ። እሱ ከጎተራው ጥግ ተቀምጦ ያነባል። እኔም ተምሬአለሁ፤ አልተማርኩም አልልም። ግን እሱ ክፍል የሚገባው አንብቦ ነው፤ እኔ የምገባው ደክሞኝ። አንድ ጊዜ የእኔም ልብ እንዲታመም ለእመቤታችን ተስያለሁ። ምን እንደምሰጣት ግን አላስታውስም።

ወንድሜ ዶክተር ሆነ። ቆይቶ ደግሞ ልጅ መውለድ ስላልቻሉ ባልና ሚስቶች ማጥናት ጀመረ። አገሬው መጀመሪያ አልገባውም። እኛ ዘንድ አንድ ቤት ልጅ ካጣ ጥፋቱ የሴቲቱ ነው። እሷ ጸበል ትንከራተታለች፣ እሷ ትሳላለች፣ ሳይሆን ሲቀር እሷ ትወጣለች። ወንዱ ይመርመር ማለት እንደ ስድብ ነው። አንድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ ላይ አንድ ሽማግሌ ወንድሜን ያዙት።

"ዶክተር፣ ወንዱንም ልታስወልደው ነው አሉ?"

"የለም አያ። ለመውለዱ ወንዱ ያዋጣውን ልመረምር ነው።"

"ካላዋጣስ?"

"ካላዋጣማ እርስዎ ይመክሩታል።"

ሰዉ ሁሉ ሳቀ። ሽማግሌው ራሳቸው ወንድሜን ትከሻውን መቱት። አባቴ ያን ጊዜ ከሩቅ የመጣ እንግዳ ይዞ ነበርና ወደ እኛ አመጣው። "ይኸ ልጄ ነው፤ ዶክተሩ" አለው። ከዚያ እኔን በአገጩ አመልክቶ "ያ ደግሞ ወንድሙ ነው" አለ። ይኸው ነው። ሌላ ምንም አላለም። ክፉም አልተናገረም።

ወንድሜ ሥራውን የጀመረው በካህናት በኩል ነበር። ለሐኪም የማይነገረው ለንስሐ አባት ይነገራልና፣ ከጅጋ እስከ ማንኩሳ፣ ከዚያም እስከ ቋሪት ድረስ የንስሐ አባቶችን እየዞረ ለመናቸው። እነሱም ልጅ ያጡ የንስሐ ልጆቻቸውን መከሩለት። ብዙዎቹ ፍኖተ ሰላም ድረስ መጥተው፣ ወንድሜ ለምኖ ባገኛት አንዲት ክፍል ውስጥ ተመረመሩ። እኔን ሞተር ሳይክል ሰጥቶ መልእክተኛው አደረገኝ። ቀጠሮ አደርሳለሁ፣ መጠይቅ አስሞላለሁ። አንዳንዱ ወንድ በእፍረት ከተማ አልመጣም ሲል ደግሞ የዘር ፈሳሹን ናሙና ከቤቱ ተቀብዬ አመጣለሁ።

ከእነዚህ አንዱ ማንኩሳ አጠገብ የሚኖር በርበሬ አምራች ነበር። በርበሬውን ቡሬም ፍኖተ ሰላምም ስለሚሸጥ የሚያውቀው ሰው ብዙ ነው፤ ከምርመራ ክፍል ሲወጣ እንዳይታይ ፈራ። ከሚስቱ ጋር ከተጋቡ ሰባት ዓመት ሆኗቸዋል። በአገሩ ደንብ ሌላ ባገባ ነበር፤ እሱ ግን ይወዳታል።

የናሙናዋን የፕላስቲክ ብልቃጥ ይዤ ስሄድ እሱ ጓዳ ገብቶ ተደበቀ። የወጣችው ሚስቱ ናት። ወንድሜ የነገረኝ እንዲህ ነበር፦ ብልቃጧ ታሽጋ የመጣች ንጹሕ ናት፤ አይታጠቧት፣ ምንም አያስነኳት፤ ናሙናው ሳይቀዘቅዝ፣ ሰዓት ሳይሞላው ይድረስ። እኔ ደግሞ ሴት ፊት ይህን ማውራት ጨንቆኝ አሳጠርኩት። "እትዬ፣ ዕቃዋ ንጹሕ መሆን አለባት" ብዬ ሰጠኋትና ከአጥሩ ውጭ ጠበቅሁ።

ቆይታ በነጠላ ጠቅልላ ሰጠችኝ። እንዳይቀዘቅዝ ብብቴ ውስጥ ሸጎጥኩትና ሞተሩን አስነሳሁ። መንገድ ላይ ብብቴ ወይራ ወይራ ሸተተኝ። ልክ ለበዓል ታጥቦ እንደታጠነ የጠላ ጋን። ፍኖተ ሰላም ስደርስ ብልቃጧን አውጥቼ አሸተትኳት፤ እሷው ናት። ከንፈሯም ትንሽ ተጣሟል።

ለወንድሜ ልነግረው ገባሁ። አፉንና አፍንጫውን ሸፍኗል፣ ክፍሉ አልኮል አልኮል ይሸታል። ቀና ሳይል "እዚያ አስቀምጥና በሩን ዝጋው" አለኝ። በሩን ዘጋሁት። ነገሩ ይኸው ነው። እሱ የተማረው ነው፣ ያሽትተው አልኩ በልቤ። ጭስ ዘር እንደሚጎዳ አላውቅም ነበር። አንድ ያልሆነ ነገር እንዳለ ግን አውቄአለሁ። ዶክተሩ ያላወቀውን ወንድሙ ማወቁ ደግሞ ደስ አለኝ። ለማንም የማልነግረው ደስታ ነበር።

ወንድሜ በማይክሮስኮፑ አይቶ "አንዱም አይንቀሳቀስም" አለ። በአንድ ጊዜ አይፈረድም ብሎ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እንደገና ላከኝ። ሁለተኛዋንም ብልቃጥ ሚስትየው ሰጠችኝ። ሁለተኛዋም ወይራ ሸተተችኝ። ሁለተኛም ዝም አልኩ። ለመጀመሪያው ሰበብ ላበጅለት እችል ይሆናል። ለሁለተኛው ምንም የለኝም።

ውጤቱን ወንድሜ ራሱ ማንኩሳ ሄዶ ነገራቸው። እኔም ነበርኩ። ሰውየውን ለብቻው ከጓሮ ይዞት፣ ዘሩ እንደማይንቀሳቀስ፣ የእሷ ምርመራ ግን ደህና እንደሆነ ቀስ ብሎ አስረዳው።

"እንግዲህ ሌላ መንገድ አለ" አለው። "የእርስዎ ዘርና የእሷ እንቁላል ከማኅፀን ውጭ፣ ላቦራቶሪ ውስጥ እንዲገናኝ ይደረጋል። ከዚያ ማኅፀኗ ውስጥ ይቀመጣል። ለዚህ ግን አዲስ አበባ መሄድ ያስፈልጋል።"

"ብሆን ብሆን የበርበሬ ነጋዴ ነኝ፣ ዶክተር" አለ ሰውየው። "ለእንዲህ ያለ ነገር በሬዎቼን ብሸጥም አልደርስበት። ብቻ እሷ ደህና ናት አሉኝ?"

"ደህና ናት።"

"እሰይ" አለ። እሰይ ብሎ መሬት መሬቱን አየ።

ጥናቱ ታተመ። የወንድሜ ስም ከላይ፣ ከሁሉም በፊት ነው። በመጨረሻው ገጽ "መረጃ የሰበሰቡትን" ያመሰግናል፤ ያ እኔ ነኝ። አባቴ ለወረቀቱ በግ አረደ። እኔ ቆዳውን ገፈፍኩ።

ከዚያ በኋላ ወንድሜ ብዙ አልቆየም። ልቡ ደከመ፤ ለቀዶ ሕክምና ወረፋ ሲጠብቅ አዲስ አበባ ሞተ። አስከሬኑን ይዘን ገብተን ደብራችን ቀበርነው። ከአርባው በፊት አባቴ "የወንድምህን ዕቃ አንተ ለይ" አለኝና ሻንጣውን ከፈትኩ። ልብሱ፣ መድኃኒቱ፣ አንድ ሰማያዊ ደብተር። ደብተሩ ውስጥ የተመረመሩት ወንዶች በቁጥር እንጂ በስም የሉም። የማንኩሳውን ሰው ቁጥር ግን ብልቃጥ ላይ የለጠፍኩት እኔ ነኝ፤ አውቀዋለሁ። ጥናቱ ከታተመ በኋላ ያለ ቀን ተጠቅሶ፣ በሌላ ቀለም ከቁጥሩ ጎን በአማርኛ ተጽፏል፦ "ይህ ሰው ለሦስተኛ ጊዜ፣ እዚሁ ክፍል ውስጥ ይታይ። ዕቃውን ምን ነክቶት ይሆን?"

ደርሶበታል። ወይም ሊደርስበት ጥቂት ቀርቶታል። አንድ ነገር ብቻ እበልጠው ነበር፤ እሱንም ሞቶ ቀደመኝ። ደብተሩን ከድኜ ለረጅም ጊዜ አልጋው ላይ ተቀመጥኩ። አለቀስኩም፤ ተናደድኩም።

በአርባው ዕለት የማንኩሳዎቹ የባልና ሚስቱ የንስሐ አባት መጡ። ከሰው ጋር ከተጨዋወቱ በኋላ ለአባቴ እንዲህ ሲሉት ሰማሁ፦

"የልጅዎ ሥራ እኮ ገና አላለቀም። ያ በርበሬ አምራቹ ልጄ ሚስቱን ሊለቅ ነው። በሰማንያ እንጂ በቁርባን አይደለም የተጋቡት። 'ችግሩ የእኔ ነው፣ እሷ ገና ወጣት ናት፣ ሄዳ ትውለድ' ብሎ አሻፈረኝ አለ። ድሮ ቢሆን መካን ናት ብሎ ያባርራት ነበር። ነፍሱን ይማረውና ዶክተር እውነቱን አሳውቆት ይኸው ራሱን ይከሳል። እሁድ ሽማግሌ ይቀመጣል።"

"እሷስ ምን አለች?" አለ አባቴ።

"እሷማ ቀንና ማታ ታለቅሳለች።"

አባቴ ወደ ማኅደሩ እጁን ሰደደ። እኔ ወጥቼ ሄድኩ፤ የዚያን ቀን ማን እንዳነበበላቸው አላውቅም።

ከዚያ እስከ እሁድ ያሰብኩትን ሁሉ አልጽፈውም። ዝም ካልኩ ሁለት የሚዋደዱ ሰዎች በማይረባ ውጤት ይለያያሉ። ከተናገርኩ የወንድሜ ወረቀት ነውር ይወጣበታል። ይህኛው ደግሞ፣ እውነቱን ልናገርና፣ ብዙም አላስከፋኝም። አንድ ሰው እንኳ "ዶክተሩም ተሳስቷል" ሲል መስማት አምሮኝ ነበር። መልካም ነገር ለማድረግ ስነሣ እንኳ ይህ ከውስጤ አልወጣም።

እሁድ ማንኩሳ ሄድኩ። ግቢው በሙሉ ቀይ በርበሬ ሊደርቅ ተሰጥቶበታል። ሽማግሌዎቹ ከዳር ወንበር ላይ ተቀምጠው በየተራ ያስነጥሳሉ። ባልየው በአንድ በኩል፣ ሚስትየው በሌላ በኩል ናቸው። እኔን ሲያዩ ሁሉም ተነሡ። "የዶክተሩ ወንድም ነው! እግዜር ያጽናህ፣ እግዜር ያጽናህ" ተባልኩ። ቦታ ለቀቁልኝ። ባልየው ንግግሩ ላይ ነበርና ቀጠለ።

"እኔ ደረቅ ነኝ። ሴትን ያህል ነገር አብሬ አላደርቅም።"

"ማን ልቀቀኝ አለህ?" አለች ሚስቱ። "እኔ አፌን ከፍቼ ልቀቀኝ አልኩህ?"

"ዝም በይ፣ በሽማግሌ ፊት!"

"አልልም!"

የሽማግሌዎቹ አለቃ በትራቸውን አነሡ። "ልጆች፣ ቀስ! በርበሬው ይበቃናል፣ እናንተ አትጨምሩበት።"

እኔ ተነሣሁ። ምን ብዬ እንደምጀምር አላዘጋጀሁም ነበርና ዝም ብዬ ወደ ሚስትየው ዞርኩ።

"እትዬ፣ ያችን ብልቃጥ ምን አደረጓት?"

"የቷን?"

"ለጋሼ ምርመራ የሰጠሁዎትን። ነጭዋን።"

"ምን አደርጋታለሁ፣ አጠብኳት።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ አጠንኳት። ላስቲክ ላስቲክ የምትሸት ዕቃ ለዶክተር ይላካል? እኔ ወተት እንኳ ሳላጥን አልቀዳም። በወይራ አጠንኳት፤ እንዳትቀልጥ ከፍ አድርጌ ይዤ እጄን ለበለበኝ። ንጹሕ ትሁን አላልክም?"

"ሁለቱንም ጊዜ?"

"ሁለቱንም ጊዜ ነዋ። ለመጀመሪያው ጊዜ ብቻ ነው እንዴ ንጹሕ የምንሆነው?"

ከዚያ አንዱ ሽማግሌ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። "ወይ ጉድ! ዘሩን በጭስ አፍናው ኖሯል!" ሌላውም ተቀበለው፦ "ሽታውማ ሸጋ ነበር!" ሚስትየው ግን ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። "እኔው ነኝ? እኔው ነኝ የገደልኳቸው?" አለች።

ባልየው አልሳቀም። ወደ እኔ መጣና ከፊቴ ቆመ።

"ወንድምህ ይህን ያውቅ ነበር?"

ያን ጊዜ የሆነውን በትክክል ልጽፈው እፈልጋለሁ። አዎ ብዬ ብመልስ የሚከራከረኝ አልነበረም። ሙት አይናገርም። ደብተሩን ያነበብኩት እኔ ብቻ ነኝ። አዎ ብል ኖሮ ከዚያ ግቢ ስወጣ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ከወንድሜ የተሻልኩ ሰው ሆኜ እወጣ ነበር። ቃሉ ምላሴ ላይ ነበረ። ምን እንደመለሰኝ አላውቅም። ምናልባት ያ ሰው ውጤቱን በሰማ ጊዜ "እሰይ" ያለው ትዝ ብሎኝ ይሆናል።

"አያውቅም ነበር" አልኩ። "እኔ ነኝ የማውቀው። ሁለቱንም ጊዜ ሸትቶኛል። አይታጠብ፣ አይነካ በላቸው ብሎኝ ነበር፤ እሱንም አልነገርኳችሁም።"

"ታዲያ ሲሸትትህ ለምን አልነገርከውም?"

"ቀንቼበት።"

"በምኑ?" አሉ የሽማግሌዎቹ አለቃ። ከልባቸው አልገባቸውም ነበር።

"በሁሉ ነገሩ፣ አባቴ።"

ማንም አልሳቀም፣ ማንም አልተቆጣም። አለቃው በትራቸውን አሽከርክረው "ጉዳዩ ይደር" አሉ። "እንደገና ይመርመር። ዛሬ ፍቺ የለም።" ሚስትየው ነጠላዋን ከፊቷ ገለጠች። "ሰማህ?" አለችው ባሏን። "እኔን ልታባርር የቸኮልክበትን ሰማህ?" እሱ ግን እኔን እያየ ነበር። የሚመታኝ መስሎኝ ነበር፤ ቢመታኝ ይቀለኝ ነበር። ጀርባውን ሰጥቶኝ ቤቱ ገባ።

በዚያው ሳምንት ለወንድሜ ጓደኛ፣ አብሮት ይሠራ ለነበረ ሐኪም ደውዬ ሁሉንም ነገርኩት። ስለ ጥናቱ እሱ የሚያደርገውን እንደሚያደርግ ነገረኝ፤ አልገሠጸኝምም። ሰውየውን ደግሞ ፍኖተ ሰላም እንዲመጣ ቀጠረው። በዚህ ጊዜ እፍረቱን ትቶ በቀን፣ ሚስቱን ይዞ መጣ። ማንም ሳይጠራኝ እኔም ሄጄ ከደጅ ቆምኩ። ሚስትየው ሰላምታዬን ተቀበለች። እሱ አልተቀበለም።

ብዙ ቆይቶ ወጣ። ፊቱ ላይ የማነብበው ነገር አጣሁ። ወደ ሚስቱ ጠጋ ብሎ ነው የተናገረው፤ እኔ ግን ሰማሁት።

"ይንቀሳቀሳሉ። ጥቂት ናቸው፤ ዘገምተኛም ናቸው አለኝ። ግን ይንቀሳቀሳሉ። መድኃኒት ይሞከራል። ልጅ ይመጣል ብሎ አልማለልኝም።"

እሷ ግቢው መሐል እልል አለች። ዘበኛው "ኧረ እትዬ፣ በሽተኛ አለ!" እያለ ሮጠ። እሷ ሰምታም አልሰማችውም። ባልየው እስክትጨርስ ጠብቆ ባርኔጣውን አወለቀና ወደ ሰማይ አየ።

"ዶክተርን ነፍሱን ይማረው" አለ። "እሱ ባይመጣ ኖሮ እኔ እስከ ዛሬ ጥፋቱ የእሷ ነው እያልኩ እኖር ነበር።"

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። "አንተ ሂድ" አለኝ። "አባትህን ሰላም በልልኝ። አንተ ግን ደጄ እንዳትደርስ።"

ሄድኩ። ሞተሬን አላስነሣሁም፤ እስከ አስፋልቱ ገፋሁት። ይገባኛል፤ ሌላ ምን ሊለኝ ይችላል። ግን እውነቱን ልጻፍ ብያለሁና እጽፈዋለሁ፦ ቀናሁ። ያ እልልታ፣ ያ ጸሎት፣ ሁሉም ለወንድሜ ሄደ። ተሳስቶም እሱ ተመረቀ። ጅጋ እስክደርስ ድረስ ስናደድ ነበር። ጅጋ ገበያው ዳር ሞተሬን አቁሜ ውኃ ስጠጣ ግን፣ ይህን ቢሰማ ምን ይል ነበር ብዬ አሰብኩ። መጀመሪያ ይስቅ ነበር። በወይራው፣ በተለበለበው የሴትዮዋ እጅ፣ ልቡ እስኪያስጨንቀው ይስቅ ነበር። ከዚያ ሁለቱንም ጊዜ ሸትቶኝ እንደነበር ስነግረው ሳቁን ያቆም ነበር። ከዚያ በኋላ ምን እንደሚለኝ አላውቅም። እዚያው ገበያተኛ መሐል ቆሜ ለመገመት ብዙ ሞከርኩ። ምን እንደሚለኝ አላውቅም።